ጉልበት

በ2017 ዓ.ም. የደመራ ዕለት፣ ጋቢዬን ደርቤ ከልጆቼ ጋር ወደ ደመራው ለመውጣት ስዘጋጅ፣ አሜሪካዊው ተጫዋች ዴሪክ ሮዝ ከቅርጫት ኳስ መሰናበቱን በስልኬ ላይ አነበብኩ። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 26 ቀን 2024 መሆኑ ነው። ስንብቱን ለጨዋታው በተጻፈ ደብዳቤ መልክ አዘጋጅቶ፣ በተጫወተባቸው ስድስት ከተሞች ጋዜጦች ላይ ሙሉ ገጽ ገዝቶ አሳትሞታል። ልጆቼ ችቧቸውን ይዘው ከበር ላይ ይጠሩኛል፤ እኔ ግን አንድ እጄን በር መዝጊያው ላይ እንዳሳረፍኩ ዜናውን ደግሜ አነበብኩት። ከዚያ በኋላ ደመራውን ስንዞር በአሳቤ ያለሁት እዚያ አልነበረም።

እኔ በደብረ ብርሃን ከተማ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝ፤ ከክፍል ውጭ ደግሞ ለብዙ ዓመታት የተማሪዎች የቅርጫት ኳስ ቡድን አሠልጥኛለሁ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ብርዳም ከተማ ናት፤ ስፖርት ሲባል በሰሜን ሸዋ ሰው አእምሮ ቀድሞ የሚመጣውም እግር ኳስና ሩጫ ነው። የቅርጫት ኳስ ሜዳችን ሲሚንቶ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ያድርበታል፤ ጠዋት ላይ ኳሱ ራሱ በብርዱ ደንዝዞ እንደ ልቡ አይነጥርም። በዚህ ሜዳ ላይ የዘለለ ልጅ የሚያርፈው ድንጋይ ላይ ነው ማለት ይቻላል። ሜዳውን ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ስለ ዴሪክ ሮዝ የምጽፈው በተመልካችነት ብቻ ሳይሆን፣ በዚያ ሲሚንቶ ላይ ለወደቀ አንድ ተማሪዬ ካለብኝ ዕዳ የተነሣ ነው።

በአማርኛችን ጉልበት የሚለው ቃል የሚሸከመው ብዙ ነው። መገጣጠሚያው ጉልበት ነው፤ ብርታቱም ጉልበት ነው፤ ገበሬው በማሳው ላይ የሚያፈሰው፣ የቀን ሠራተኛው ሸጦ የሚያድርበት ሁሉ ጉልበት ነው። በዓመት በዓል ልጆች ለመመረቅ ጎንበስ ብለው የሚስሙት የአባትና የእናታቸውን ጉልበት ነው። የደከመ ሰው «ጉልበቴ ከዳኝ» ይላል፤ ይህን ሲል ስለ አንድ መገጣጠሚያ ይናገር ወይም ስለ መላ ሕይወቱ፣ ሰሚው አይጠይቀውም። የዴሪክ ሮዝን የ16 ዓመት ጉዞ ባሰብኩ ቁጥር ይህ ቃል ይመጣብኛል፤ እሱ ላይ ሁለቱ ትርጉሞች በአንድ ቀን ተሰብረዋልና።

ሮዝ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 1988 በቺካጎ ደቡባዊ ክፍል፣ ኢንግልውድ በሚባል ሰፈር ተወለደ፤ ከዚህ በኋላ ዓ.ም. ያላልኩበት ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው። እናቱ ብሬንዳ አራት ወንዶች ልጆችን ብቻዋን አሳድጋለች፤ እሱ የመጨረሻው ነው። ሰፈሩ የወንበዴ ቡድኖችና የጥይት ሰፈር ስለነበር፣ ታላላቅ ወንድሞቹ ከትምህርት ቤት ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሜዳ እየተፈራረቁ ይጠብቁት ነበር። ሲሚዮን በተባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲጫወት የለበሰው 25 ቁጥር ማሊያ የቤን ዊልሰን ነበር፤ ዊልሰን የዚያው ትምህርት ቤት ልጅ ሆኖ፣ በአገሪቱ ካሉት የሁለተኛ ደረጃ ተጫዋቾች አንደኛ በተባለበት በ1984፣ በ17 ዓመቱ ከትምህርት ቤቱ አጠገብ በጥይት ተመትቶ ሞቷል። ሮዝ በዚያ ማሊያ በ2006 እና በ2007 ተከታታይ የግዛቱን ዋንጫ ወሰደ። ማሊያውን የለበሰ ልጅ ሁሉ የሟቹን አደራ አብሮ ይለብስ እንደነበር የቺካጎ ሰዎች ሲናገሩ ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ያለው አደራ ለአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ቀላል አይደለም።

ቀጥሎ ወደ ሜምፊስ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ አንድ ዓመት ተጫወተ። ቡድኑ በዚያ ዓመት 38 ጊዜ አሸንፎ ሁለት ጊዜ ብቻ ተሸነፈ፤ ሁለተኛው ሽንፈት ግን በኤፕሪል 2008 በካንሳስ የተሸነፈው የፍጻሜ ጨዋታ ነበር። ጨዋታው ሊያልቅ 10 ሴኮንድ ገደማ ሲቀረው ሮዝ ከሁለት የቅጣት ምት አንዱን ሳተ፤ ካንሳስም ከሩቅ ባስቆጠረው ባለ ሦስት ነጥብ አቻ አድርጎ በተጨማሪ ሰዓት ረታ። ከዚያ ደግሞ የሮዝ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ውጤት ዋጋ እንዳይኖረው በመደረጉ፣ ዩኒቨርሲቲው የዚያን ዓመት ድሎች በሙሉ ከመዝገብ ተሰረዘበት። በዚያው ዓመት የከተማው ቡድን ቺካጎ ቡልስ፣ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን ለመምረጥ ተራ በሚያወጡበት ዕጣ 1.7 በመቶ ብቻ ዕድል ኖሮት፣ የመጀመሪያውን ምርጫ አገኘና የሰፈሩን ልጅ ወሰደ። አንድ ከተማ የገዛ ልጁን በዕጣ ያገኘበት ጊዜ ከዚያ በፊት መኖሩን እንጃ።

አጨዋወቱን ላላየው ሰው መግለጽ ይከብዳል፤ ቢሆንም ልሞክር። ቁመቱ 1 ሜትር ከ90 ገደማ ነው፤ ይህ በአሜሪካው ትልቁ ሊግ በኤን ቢ ኤ ውስጥ ከአጫጭሮቹ ወገን ያስቆጥረዋል። ኳሷን ይዞ በሙሉ ፍጥነት ወደ ቅርጫቱ ይገባል፤ ረጃጅሞቹ ሊዘጉበት ሲሰበሰቡ በድንገት ቀጥ ይላል፤ በዚያው ቅጽበት ወደ ጎን ተጠማዞ እንደገና ይነሣል። ከጣርማበር ቁልቁለት የሚወርድ አይሱዙ በድንገት ፍሬን ሲይዝ የጫነው እህል ሁሉ ወደ ፊት ጎማዎቹ እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው፣ የሮዝ ሰውነት ሙሉ ክብደት በየጨዋታው ስንት ጊዜ በአንድ ጉልበት ላይ ይጫን እንደነበር መገመት አያቅተውም። ያን ጊዜ ግን እኛ የምናየው ፍጥነቱን እንጂ ፍሬኑን አልነበረም።

በ2009 የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ። በ2010 መጸው፣ የውድድሩ ዘመን ከመጀመሩ በፊት፣ ለምን እኔስ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች መሆን አልችልም ብሎ ጋዜጠኞችን ጠየቀ፤ ዝምተኛ ልጅ ስለነበር ንግግሩ ብዙዎችን አስደነቀ። በዚያ ዓመት በአማካይ በየጨዋታው 25 ነጥብ አስቆጠረ፤ ቡልስም 62 ጨዋታ አሸነፈ፤ ሮዝ በ22 ዓመቱ በሊጉ ታሪክ በዕድሜ ትንሹ ኤም ቪ ፒ፣ ማለትም የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች፣ ሆነ። ይህ ክብረ ወሰን እስከ ዛሬ አልተሰበረም። ሽልማቱን ሲቀበል ወደ እናቱ ዞሮ፣ ልምምድ ባስጠላው ቀን ሁሉ የሚያስነሣው የእሷ ድካም መሆኑን ሲናገር ያየሁት በኢንተርኔት ቤት ነበር፤ በዚያች ክፍል ውስጥ የነበርነው ሁሉ ዝም አልን። በዲሴምበር 2011 ከቡልስ ጋር 94 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ የአምስት ዓመት ውል ፈረመ።

ከዚያ ኤፕሪል 28 ቀን 2012 መጣ፤ በእኛ ሚያዝያ 20 ቀን 2004 ዓ.ም.። ቡልስ ከፊላደልፊያ ጋር በጥሎ ማለፉ የመጀመሪያ ጨዋታ ላይ ነበር። ሊያልቅ አንድ ደቂቃ ከሃያ ሴኮንድ ገደማ ሲቀረው ቡልስ በ12 ነጥብ ይመራ ነበር። ሮዝ እስከዚያች ሰዓት 23 ነጥብ፣ 9 ሪባውንድ (ከቅርጫቱ ሲመለስ የተያዘ ኳስ) እና 9 ለግብ የተመቻቸ ኳስ ነበረው። ወደ ቅርጫቱ ገባ፤ በሁለት እግሩ ቆመ፤ ተነሣ፤ ኳሷን በአየር ላይ ለባልደረባው ለቀቀና ግራ ጉልበቱን ይዞ ወደቀ። የነካው ሰው አልነበረም። አሠልጣኙ ቶም ቲቦዶ በተገባደደ ጨዋታ ላይ ለምን እስከዚያ አቆየው የሚለው ጥያቄ ለዓመታት ተነሥቷል፤ እኔ ራሴ አሠልጣኝ ስለሆንኩ በዚህ ልፈርድበት አልችልም፤ በጥሎ ማለፍ 12 ነጥብ በደቂቃ ውስጥ ሲጠፋ አይቻለሁ።

የተበጠሰው ሐኪሞች ኤ.ሲ.ኤል. የሚሉት የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ነው። ይህ ጅማት በጉልበት መገጣጠሚያ መሃል የጭንን አጥንት ከቅልጥም አጥንት ጋር በሰያፍ ያስራል፤ ቅልጥሙ ወደ ፊት እንዳይንሸራተትና እግር ሲጠማዘዝ መገጣጠሚያው እንዳይወላለቅ የሚጠብቀው እሱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠሰው በግጭት ሳይሆን ተጫዋቹ ሲያርፍ፣ ሲቆም ወይም በድንገት ሲዞር ነው። ሲበጠስ ተጫዋቹ ራሱ «ጧ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ በሰዓታት ውስጥ ደም ወደ መገጣጠሚያው ገብቶ ያብጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ነው ሰውን የሚያሳስተው፤ እብጠቱ በሁለትና በሦስት ሳምንት ይወርዳል፤ ሕመሙ ይቀንሳል፤ ሰውየው ቀጥ ብሎ መሄድ፣ አንዳንዴም ቀጥ ብሎ መሮጥ ይችላል። ጅማቱ ግን በመገጣጠሚያው ውስጥ እንደ ቆዳ ቁስል ወይም እንደ አጥንት ስብራት በራሱ መልሶ አይጋጠምም። ያ ሰው አንድ ቀን ዞር ሲል ጉልበቱ ከሥሩ ይከዳዋል፤ በዚያ ጊዜ ደግሞ በሁለቱ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ የተቀመጠው ልም አጥንት፣ ሜኒስከስ የሚባለው፣ አብሮ ይቀደዳል። ስለዚህ ቀዶ ጥገና አድራጊው ከራሱ ከታካሚው ሌላ ጅማት ወስዶ በተበጠሰው ቦታ ይተክላል፤ የተተከለው ሕይወት ዘርቶ ሸክም እስኪችል ከዘጠኝ ወር እስከ ዓመት ይፈጃል።

ሮዝ በሜይ 2012 ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ቡልስም ያለ እሱ በዚያው ዙር ተሸንፎ ወጣ። በማርች 2013 ሐኪሞች መጫወት ይችላል አሉ፤ እሱ ግን አልገባም። ልቡ አላመነም፤ በግራ እግሩ ተነሥቶ ለመዝለል ሳያስብ እስኪዘል ድረስ እንደማይመለስ ተናገረ። ሰው ይህን አልታገሠውም። እሱ በተጎዳባት በዚያችው ዕለት ያው ጅማት የተበጠሰበት የኒው ዮርኩ ኢማን ሻምፐርት በጃንዋሪ ተመልሷል እየተባለ፤ የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋቹ ኤድሪያን ፒተርሰን በዓመቱ ውስጥ ተመልሶ የሊጉ ምርጥ ሆኗል እየተባለ፤ ስም ይጠራበት ጀመር። በዚያ ዓመት ጥሎ ማለፍ ጓደኞቹ ታመው፣ ተጎድተው ሲጫወቱ፣ የደቡብ ሱዳን ተወላጁ ሉዎል ዴንግ ከወገቡ ፈሳሽ ተወስዶ ሆስፒታል ሲተኛ፣ ሮዝ ሱፉን ለብሶ ተጠባባቂ ወንበር ላይ መቀመጡ በየቴሌቪዥኑ ታየ። የገዛ ከተማው ፈሪ አለው። ገንዘቡን ከበላ በኋላ ምን ቸገረው ያለም ብዙ ነው።

ይህን ካሉት ውስጥ እኔ አንዱ ነበርኩ። በ2005 ዓ.ም. ሚያዝያ፣ ከትምህርት ቤት አጠገብ ባለች ሻይ ቤት ከባልደረቦቼ ጋር ተቀምጬ፣ «ሐኪም ፈቅዶለት የማይጫወት ሰው ተጫዋች አይባልም» ብያለሁ፤ ንግግሬን ቃል በቃል የማስታውሰው ያንኑ ሳምንት ስላደረግሁት ነገር ነው።

የዚያን ጊዜ በቡድኔ ውስጥ ከመንዝ በኩል የመጣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ስሙን አልጽፍም። ከቤተሰቡ ርቆ ቤት ተከራይቶ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአገር ቤት በሚላክለት ስንቅ የሚማር፣ ቁመቱ ከሁላችንም የሚልቅ፣ ከሁሉ በላይ ግን ኳስ ሳያይ የሚያቀብል ልጅ ነበር። እኔ በአሠልጣኝነት ዘመኔ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ የእሱን ያህል ሜዳ የሚያነብ ልጅ አላየሁም። በመጋቢት መጨረሻ፣ ከሌላ ትምህርት ቤት ጋር ስንጫወት፣ ሪባውንድ ይዞ ሲወርድ በቀኝ እግሩ አረፈና ወደቀ። ድምፁን ከተቀያሪዎች ወንበር አጠገብ ሆኜ ሰምቼዋለሁ፤ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ነው። ሮጬ ሄድኩና እጁን ይዤ «ተነሥ፣ ምንም አልሆንክም» አልኩት። ተነሣ። እስከ ምሽት ጉልበቱ የልጅ ራስ አክሎ ነበር።

ወደ ወጌሻ ወሰድነው። ወጌሻውን ልወቅስ አልፈልግም፤ በብዙ ጣቶችና ትከሻዎች ላይ እጃቸውን ያየሁ፣ የተከበሩ አዛውንት ናቸው። ቅቤ ቀብተው አሹት፤ በጨርቅ አሠሩት፤ ዕረፍት ያድርግ ብለው አዘዙ። በሦስተኛው ሳምንት እብጠቱ ወረደ፤ ልጁም ቀጥ ብሎ መራመድ ጀመረ። በዚያው ሳምንት የዞን ውድድር ግማሽ ፍጻሜ ነበረን። ጠዋት በሜዳው ዙሪያ ሁለት ጊዜ በሶምሶማ እንዲዞር አደረግሁትና ምን ይሰማሃል አልኩት። «ቲቸር፣ ልክ አይመስለኝም፤ ወደ ጎን ስሄድ የሚንሸራተት ነገር አለ» አለኝ። የነገረኝ ነገር መጽሐፍ ላይ ከተጻፈው ምልክት ጋር አንድ ነው፤ እኔ ግን ያን ጊዜ አላወቅሁም፤ ላውቅም አልሞከርኩም። «ፍርሃት ነው፤ ሲሞቅህ ይለቅሃል» አልኩት። ልጁ ከማንም በላይ የሚያውቀውን ሕመሙን እኔ ሠላሳ ዓመት የሞላኝ መምህር ፍርሃት ብዬ ስም አወጣሁለት። ገባ። ስድስት ደቂቃ ተጫወተ። ኳስ ሊቀበል ዞር ሲል ጉልበቱ ከሥሩ ሄደ፤ በዚህኛው ጊዜ አልተነሣም፤ እኔም ተነሥ ለማለት አፌ አልታዘዘኝም።

ከወራት በኋላ አዲስ አበባ ላይ ኤም አር አይ ተነሣ። ጅማቱ ሙሉ በሙሉ ተበጥሷል፤ ሜኒስከሱም ተቀድዷል። ሐኪሙ ለእኔ ሲያስረዱ፣ ጅማቱ የተበጠሰው በመጀመሪያው ውድቀት ሳይሆን አይቀርም፤ ሜኒስከሱ ግን ከዚያ በኋላ በነበረው ሊሆን ይችላል አሉ። ከዚያ በኋላ የነበረው እኔ ነበርኩ። ቀዶ ጥገናው አለ፤ ዋጋው ግን የአባቱን ጥንድ በሬ ሸጦ የሚሸፈን አልነበረም፤ ትምህርት ቤቱም፣ ያጫወትነው ሰዎችም፣ ያለንን አዋጥተን ከግማሽ አልደረስንም። ልጁ 12ኛ ክፍልን ጨርሶ ወደ አገሩ ገባ።

ሮዝ ከዚያ በኋላ የደረሰበትን ሁሉ የተከታተልኩት በሌላ ዓይን ነው። በኦክቶበር 2013 ተመለሰ፤ በአሥረኛው ጨዋታው፣ ኖቬምበር 22 ቀን በፖርትላንድ፣ በዚህኛው ጊዜ የቀኝ ጉልበቱ ሜኒስከስ ተቀደደ፤ ዓመቱም በዚያው አለቀ። ለምን ቶሎ አይገባም ሲሉ የነበሩ ሰዎች አሁን ደግሞ ዓመት ሙሉ ተቀምጦ ምን አተረፈ አሉ። በ2014 መጸው፣ ዛሬ በደረሰብኝ ነገር ምክንያት ነገ በልጄ ምርቃት ላይ ሰውነቴን እየታመምኩ መቀመጥ አልፈልግም የሚል አሳብ ሲናገር፣ ሚሊዮኖች የሚከፈለው ሰው እንዴት እንዲህ ይላል ተብሎ ለሳምንታት ተሰደበ። እኔ ይህን ንግግር በሞባይሌ ሳነብ አንድ የሃያ ስድስት ዓመት አባት ስለ ጉልበቱ የተናገረው ትክክለኛ ነገር ሆኖ ነው ያገኘሁት፤ ከመንዝ ተዳፋት ላይ በጎን በጎኑ እየረገጠ የሚወርደውን ልጅ አይቼ ነበርና። በ2015 መጀመሪያ ቀኝ ጉልበቱ እንደገና ተቀደደ፤ እንደገና ተመልሶ በሜይ ወር ክሊቭላንድን በመጨረሻዋ ሴኮንድ በባለ ሦስት ነጥብ አሸነፈ። ኳሷ ስትገባ ፊቱ ላይ ፈገግታ እንኳ አልነበረም።

ከሜዳ ውጭ ያለውንም ሳልጠቅስ ባልፍ እውነቱን አጎድላለሁ። በ2015 አንዲት ሴት እሱና ሁለት ጓደኞቹ አስገድደው እንደደፈሯት ገልጻ በፍትሐ ብሔር ከሰሰቻቸው፤ በኦክቶበር 2016 ሎስ አንጀለስ ላይ ጉዳዩን የሰማው ጁሪ፣ ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች ቡድን፣ ተጠያቂ አይደሉም ሲል ወሰነ። ያ ሁሉ ሲሆን ቡልስ ወደ ኒው ዮርክ ኒክስ አስተላልፎት ነበር። በጃንዋሪ 2017 አንድ ምሽት ጨዋታ ሊጀመር ሲል ጠፋ፤ ስልክም አላነሣም። ለማንም ሳይናገር አውሮፕላን ተሳፍሮ ቺካጎ እናቱ ዘንድ ሄዶ ነበር። ቡድኑ በገንዘብ ቀጣው፤ ቅጣቱ ተገቢ ነው፤ ሆኖም ጉልበት ያነሰው ሰው ወደ እናቱ ቤት መሄዱ ለእኔ ማብራሪያ የሚያስፈልገው ነገር አይደለም። በዚያው ዓመት ኤፕሪል በመጀመሪያ የተጎዳው ግራ ጉልበቱ ሜኒስከስ ተቀደደ። ክሊቭላንድ በሊጉ ዝቅተኛ ደመወዝ ወሰደው፤ እዚያም ቁርጭምጭሚቱን ተጎድቶ፣ መጫወቱን ልቀጥል ወይስ ልተው እያለ ለሳምንታት ከቡድኑ ራቀ። በፌብሩዋሪ 2018 ወደ ዩታ ተላለፈ፤ ዩታ አንድ ጨዋታ ሳያጫውተው አሰናበተው። ኤም ቪ ፒ የነበረ ሰው በ29 ዓመቱ ቡድን አልባ ሆነ። ከአንድ ወር በኋላ የወሰደው ሚኒሶታ ነው፤ የሚኒሶታ አሠልጣኝ ያን ጊዜ ቶም ቲቦዶ ነበር፤ ያ ግራ ጉልበቱ ሲበጠስ በሜዳው ጠርዝ የቆመው ሰው።

ኦክቶበር 31 ቀን 2018 ሚኒሶታ የተጫወተው ከዚያው ካሰናበተው ዩታ ጋር ነበር። ሁለት ዋና ተጫዋቾች ስላልነበሩ ሮዝ ከመጀመሪያው ገባ። 50 ነጥብ አስቆጠረ፤ በዘመኑ ሁሉ ያስቆጠረው ትልቁ ነው፤ በ22 ዓመቱ እንኳ ይህን አላደረገም። 128 ለ 125 ሲመሩ ዩታ አቻ የምታደርግ የመጨረሻ ኳስ ወረወረ፤ ያችንም ያከሸፋት ራሱ ሮዝ ነው። ሰዓቱ ሲያልቅ ማሊያውን ወደ ፊቱ አንሥቶ አለቀሰ፤ ባልደረቦቹ ከበቡት። ከዚያ በኋላ ዲትሮይትን፣ እንደገና ኒው ዮርክን፣ በመጨረሻም ሜምፊስን አገልግሎ ተሰናበተ። ቡልስ 1 ቁጥር ማሊያውን ከእንግዲህ ማንም እንዳይለብሰው እንደሚያደርግ በጃንዋሪ 2025 አስታውቋል። ይህን ያደረገችው ያችው ፈሪ ያለችው ከተማ ናት።

እኔ ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ የማሠለጥነውን ልጅ ማረፍ አስተምረዋለሁ። ልምምዳችን የሚጀምረው ኳስ ሳንይዝ ነው፤ ከዝቅተኛ መድረክ ላይ ወርደው በሁለት እግር፣ ጉልበት ታጥፎ፣ ጉልበቶቹ ወደ ውስጥ ሳይጋጠሙ እንዲያርፉ አደርጋለሁ፤ ይህ የጅማት መበጠስን እንደሚቀንስ በሚገባ የተረጋገጠ ነው፤ በተለይ ለሴቶች ልጆች፣ እነሱ ላይ ጉዳቱ ከወንዶች ይልቅ ይበዛልና። ልጆቹ ይሰለቻሉ፤ ኳስ ስጠን ይላሉ። ጉልበቱ ያበጠ ልጅ ሐኪም ሳያየው ሜዳ አይረግጥም፤ ሐኪም ፈቅዶለት እንኳ አሁን ልክ አልመሰለኝም ያለኝን አላስገባም። በዚህ ምክንያት የተሸነፍንባቸው ጨዋታዎች አሉ፤ ለወላጆችም ለርዕሰ መምህርም መልስ መስጠት አላስቸገረኝም።

የዚያ የደመራ ሳምንት ሳይወጣ ያ ተማሪዬ ደብረ ብርሃን መጣ። ዛሬ የበግ ነጋዴ ነው፤ የመንዝ በግ በአይሱዙ ጭኖ ያመጣል፤ ማረስ ስለማይመቸው ነው ንግዱን የመረጠው። ቤቴ ገብቶ፣ እንደ አገሩ ሥርዓት ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ሲል ቀኝ እግሩን ወደ ጎን ዘርግቶ በእጁ ወንበሩን ተደገፈ፤ ትከሻውን ይዤ ከመንገድ አስቀረሁት። ቡና እስኪፈላ የሮዝን ስንብት ነገርኩትና የዚያችን የ50 ነጥብ ምሽት ቪዲዮ ከፈትኩለት። እሱ ሮዝን ከእኔ በላይ ይወድ ነበር፤ በዚያ የ11ኛ ክፍል ዓመት ደብተሩ ሽፋን ላይ ስሙን ጽፎ ነበር። ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ዝም ብሎ አየ። እኔ በየነጥቡ «አየኸው» እላለሁ፤ እሱ አይመልስልኝም። መሃል ላይ ሮዝ በረጃጅሞቹ መካከል ሰንጥቆ ተነሥቶ ሲያገባ፣ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ አቆመው።

«ቲቸር፣ ይቺን መልሰው ያሳዩኝ» አለኝ።

«ስትገባ?»

«ኧረ አይደለም። ሲያርፍ።»

መለስኩለት። ሦስት ጊዜ አየነው፤ በሦስተኛው ላይ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ሲኒውን አነሣ።